ከሕፃናት ጋር ወደ ካርቱም፦ ስለ ሆቴል ክፍል አጠያየቅ

የመንግሥት ሹምም ሆነ ነጋዴ ለብቻው ሲጓዝ የሚያድርበት ክፍል ምን ዓይነት እንደ ሆነ ብዙ አይጨነቅበትም። አልጋው ንጹሕ፣ ውሃው የሚወርድ፣ በሩም የሚቈለፍ ከሆነ ሌሊቱ ያልፋል። ዋጋው ከመጠን በላይ ከሆነበት ይከራከራል፤ ካልተቀነሰለትም ለጓደኛው ነግሮ ይረሳዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው ባለቤቱንና ሁለት ሕፃናቱን አስከትሎ በተጓዘ ቀን ያ ቀድሞ ልብ ያላለው ክፍል ብዙ ጥያቄ ያስነሣበታል። መስኮቱ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይላል? ሰገነቱ የታጠረ ነውን? ልጁ በሌሊት ቢያለቅስ ከግድግዳው ወዲያ የተኛው ማን ነው? የሕፃኑ ወተት ሳይበላሽ የሚያድርበት ማቀዝቀዣ ይገኛልን? ይህን ሁሉ ከደረሰ በኋላ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚቀበለው ከደከመው ጸሐፊ ነው፤ ያውም ሻንጣው በእጁ፣ ልጁ በጫንቃው እንዳለ።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ የካርቱም ከተማ ነው። ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት፣ ከቀይ ባሕር ጠረፍና ከደጋው የሚነሣው ነጋዴ በተሰነይና በከሰላ፣ ከጎንደር የሚነሣውም በመተማና በገዳሪፍ በኩል አድርጎ ለብዙ ዘመን ሲመላለስባት የኖረች ከተማ ናት። ቀድሞ ለገበያው ብቻ ይሄድ የነበረው ሰው ከጊዜ በኋላ ቤተ ሰቡን ይዞ መሄድ ጀመረ፤ አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ዘመድ ለመጠየቅ፣ አንዱም የሥራ ጉዞውን ከዕረፍት ጋር ለማጣመር። በአፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል ጦርነት እስከ ተነሣበት ዕለት ድረስ በወንዙ ዳር ያሉት ሆቴሎች እንዲህ ያለውን እንግዳ ይቀበሉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።)

ከዚያ ጦርነት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ እኔም ለትርጉም ሥራ ወደ ካርቱም ስላክ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ ሄጄ ነበር። ወንዱ የአራት ዓመት፣ ሴቲቱ የስምንት ወር ልጆች ነበሩ። ክፍሉን ያስያዝሁት በስልክ ነው፤ ያልሁትም እንዲህ ነበር፦ «አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ለእኔና ለባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆች ጋር።» በሥራዬ በየቀኑ የቃልን ክብደት የምመዝን ሰው ሆኜ ሳለሁ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ስሕተት መሥራቴን ያወቅሁት ከቦታው ከደረስሁ በኋላ ነው።

የደረስነው ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የሙቀቱ መጠን ከአርባ ዲግሪ ባለፈበት በሚያዝያ ቀን ነው። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ አሳንሰሩ ቆሟል። የተሰጠን ክፍል ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ሲሆን፣ ሰፊ ሰገነት ወደ ወንዙ ወጥቶለታል፤ የሰገነቱም አጥር እንደ መሰላል አግድም የተዘረጉ ብረቶች ናቸው። በሰገነቱ ላይ ሁለት ወንበርና አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ለእንግዳው ደስታ ተቀምጠዋል። በክፍሉ ውስጥ ከትልቁ አልጋ ሌላ ሁለት ተራ የአዋቂ አልጋዎች ተዘርግተዋል፤ የሕፃን አልጋ ግን የለም። እኔ ስለ አልጋዎቹ ዕቃችንን ካመጣው ሠራተኛ ጋር እነጋገራለሁ፤ ባለቤቴ ሕፃኒቱን በመታጠቢያ ቤት ታቀዘቅዛለች፤ ወንዱ ልጅ በወንዙ ላይ ጀልባ አይቶ ወንበሩን እየጎተተ ወደ አጥሩ አስጠጋ። አንደኛውን ጕልበቱን በላይኛው ብረት ላይ አሳርፎ ሳለ፣ ፎጣ ይዛ የገባች የመኝታ ቤት ሠራተኛ ፎጣውን ጥላ ከኋላው በሁለት እጅዋ አቀፈችው። እኔ የሰማሁት ፎጣው ሲወድቅ ሳይሆን ልጁ በቍጣ ሲጮኽ ነው፤ ጀልባዋን አላየሁም ብሎ።

ሴቲቱ ከጎንደር ወገን የመጣች፣ በካርቱም ብዙ ዓመት የኖረች ያገራችን ሰው ነበረች። በዚያ ዘመን በካርቱም ሆቴሎችና በየመኖሪያ ቤቱ የሚሠሩ ሐበሾች እጅግ ብዙዎች እንደ ነበሩ፣ ዴም የሚባለውም ሰፈር በእነርሱ የታወቀ እንደ ነበረ ወደ ከተማይቱ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። ልጁን ለባለቤቴ አስረክባ ወደ እኔ ዞረችና፣

«ጋሼ፣ ይህ በር እስኪቈለፍ ድረስ ልጁን ከእጅዎ አይልቀቁት» አለችኝ።

«ቁልፉ የት ነው፣ እኅቴ?»

«ቁልፉስ ከጠፋ ቈይቷል። እስኪ እትዬ ነጠላዎን ይስጡኝ።»

የባለቤቴን ነጠላ ተቀብላ የሰገነቱን በር እጀታ ከቁም ሣጥኑ እግር ጋር አጥብቃ አሰረች፤ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዋንም አስቀድማ ወደ ውስጥ አስገብታ ነበር። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ወደ ሆቴሉ ሹም ወርጄ ልቈጣ ስነሣ፣ «ጋሼ፣ ሹሙን አሁን ቢናገሩት ቤቱ ሞልቷል ብቻ ነው የሚልዎ፤ እውነቱንም ነው። የነገውን ክፍል የሚደለድለው ማታ የሚገባው ጸሐፊ ነው። የልጆቹን ዕድሜ በወረቀት ጽፈው ለእርሱ ይስጡት፤ ምድር ቤት ካለው ከአትክልቱ ወገን ነገ በጧት የሚለቀቅ ክፍል አለ» አለችኝ። እንዳለችውም አደረግሁ። በማግሥቱ በአራት ሰዓት ወደ ምድር ቤት ተዛወርን፤ ማንም ማንንም አልተቈጣም።

ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉትን የሆቴል ጸሐፊዎች እየጠየቅሁ የተረዳሁት ነገር ሴቲቱ የነገረችኝን የሚያጸና ነው። ሆቴል ለእንግዳው አስቀድሞ የሚሸጠው የክፍል ዓይነት እንጂ የክፍል ቍጥር አይደለም። ባለ ሁለት አልጋ፣ ባለ አንድ ትልቅ አልጋ፣ የቤተ ሰብ ክፍል፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር የሚመለከት፣ እነዚህ ዓይነቶች ናቸው፤ በዋጋ ይለያያሉ፤ የተከፈለባቸው እንደ ሆነ እንግዳው መብት አለው። ይህ እንግዳ በዚህ ቍጥር ይግባ የሚለው ድልድል ግን የሚሠራው ብዙ ጊዜ በመድረሻው ዋዜማ ማታ ወይም በዚያው ዕለት ጧት ነው። ስለ ፎቅ፣ ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጥግ ክፍል፣ ስለ ሰገነት የሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነው። ከሦስት ወር በፊት በስልክ የተነገረ ቃል ወደዚያች ሰዓት የሚደርሰው በመዝገቡ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ክፍል የሚይዘው በመካከል ባለ አገናኝ ድርጅት በኩል ስለ ሆነ ደግሞ፣ «ልዩ ጥያቄ» ተብሎ በቅጹ ላይ የሚሞላው ጽሑፍ ከአገናኙ ወደ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉም መዝገብ ወደ ደልዳዩ እጅ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆማል። በዚያው ቅጽ ግርጌም «ክፍት ክፍል ሲገኝ ብቻ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ይህን ቃል የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በገንዘብ ሊገዛ የሚችለውን ነገር በልመና መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሁለት ክፍሎች በመካከላቸው በሚከፈት በር እንዲገናኙ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ዓይነት ለይቶ መግዛት አለበት። «ጎን ለጎን የሆኑ ክፍሎች» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ የሚሰጠው ሁለት ጎረቤት ክፍል ነው፤ በመካከሉ ግድግዳ አለ፤ ሌሊት ልጁ ሲጣራ አባት በመተላለፊያው ዞሮ መግባት ሊኖርበት ነው። አልጋ መጨመርም እንዲሁ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ለምሳሌ ከአሳንሰሩ መራቅ፣ ከምድር ቤት መሆን፣ ሰገነት የሌለበት ክፍል ማግኘት፣ በጥያቄ የሚገኝ ነው፤ እንዲህ ያለውም ጥያቄ ምክንያቱ ከተጻፈለት ይበልጥ ይሰማል። «ሰገነት የሌለው ክፍል እፈልጋለሁ» ያለውን ሰው ጸሐፊው እንደ አመለኛ ይቈጥረዋል፤ «የአራት ዓመት ልጅ አለኝና ሰገነት የሌለው ክፍል እፈልጋለሁ» ያለውን ግን የሚረዳው ወላጅ ባይሆን እንኳ ታናሽ ወንድም ስላለው ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ስሕተቶቼ ልናገር። የመጀመሪያው «አንደኛ ፎቅ» የሚለው ነው። በአሜሪካ አቈጣጠር አንደኛ የሚባለው በመሬቱ ላይ ያለው ነው። በእንግሊዝና በኢጣሊያ አቈጣጠር ግን የመሬቱ ለብቻው ስም አለው፤ ኢጣሊያኖች ፒያኖ ቴራ ይሉታል፤ ፕሪሞ ፒያኖ የሚሉት ከእርሱ በላይ ያለውን ነው። ሱዳን ለረጅም ዘመን የእንግሊዝን ልማድ ስለ ተከተለች በዚያም የመሬቱ ዶር አርዲ ይባላል፤ አንደኛው ከደረጃ በላይ ነው። በእኛም ዘንድ አንዱ ምድር ቤት ሲል ሌላው አንደኛ ፎቅ ይለዋል። የሚሻለው ቍጥሩን ትቶ ነገሩን መግለጽ ነው፦ «ከመግቢያው እስከ ክፍሉ ደረጃ የሌለበት» ብሎ መጻፍ።

ሁለተኛው «ልጆች» የሚለው ነው። በእኛ ቋንቋ ልጅ የሚባለው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳም ሊሆን ይችላል። ስልኩን የተቀበለው ሰው ቃሌን ወደ ዓረብኛ ሲመልሰው «አውላድ» ብሎ ጻፈው፤ ይህም በሱዳን አፍ ወንዶች ልጆችን፣ ምናልባትም ትምህርት ቤት የገቡትን የሚያሳስብ ነው። ስለዚህ ሁለት ተራ አልጋ አዘጋጁ፤ እንደ ሰሙትም በትክክል አድርገዋል። ለታናናሾቹ «አጥፋል»፣ ጡት ለሚጠባው «ረዲዕ» የሚል ቃል አላቸው። ይሁን እንጂ ከሁሉም ቋንቋ የሚበልጠው ቍጥር ነው። «ስምንት ወር» የሚለው በማናቸውም ቋንቋ ከስምንት ወር ሌላ ትርጉም የለውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ዓረቦች «ረጃእ» የሚሉት ተስፋ ያለበት ልመና ነው፤ «ሸርጥ» የሚሉት ግን ውሉ የሚቆምበት ግዴታ ነው። በዓይነቱ ረጃእ የሆነውን ነገር በሸርጥ ቃል የሚጽፍ እንግዳ ጸሐፊውን ያስቀይማል፤ ሸርጥ የሆነውን በረጃእ ቃል የሚጽፈው ደግሞ መብቱን በገዛ እጁ ይሸጣል። ለሕፃን የሚያስፈልገውን ስንጽፍ ሁለቱን በተለያየ መስመር ማስፈር ይገባናል።

በአገራችን ሕግ በኩልም ለነጋዴው የሚጠቅም ነገር አለ። በ1960 የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በቍጥር 1883 እና 1885 እንደ ደነገገው፣ ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ የመገናኛ በር ያላቸውን ሁለት ክፍሎች ሲይዝ ቀብድ የሚከፍል ሰው በደረሰኙ ላይ «ስለ ሁለት ክፍል» ከሚል ቃል ይልቅ «በመካከላቸው በር ስላላቸው ሁለት ክፍሎች» የሚል እንዲጻፍለት ቢያደርግ፣ በኋላ የሚከራከርበትን መሠረት ያገኛል። በሱዳን የሚሠራው የራሷ ሕግ ነው፤ ደረሰኝ ግን በሁሉም አገር ደረሰኝ ነው።

ወደ ካርቱም እንመለስ። በዚያች ከተማ የክፍል ጥያቄ ከአየሩና ከወንዙ ጋር የተያያዘ ነበር። ጥቁር ዓባይን ተከትሎ በሚሄደው በዓባይ ጐዳና ላይ የተሠሩት ሆቴሎች ፊታቸውን ወደ ሰሜን ወደ ወንዙ ስለሚመልሱ፣ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ለወንዙ ወገን ክፍሎች ይደርሳቸዋል። ወደ ምዕራብ የሚመለከት ክፍል ግን ከአፕሪል እስከ ጁን ባለው የሙቀት ወራት ፀሐይ ግድግዳውን ከቀትር ጀምሮ ስታግለው ውላ ሌሊቱን ሁሉ ሙቀቱን ይመልሳል፤ አዋቂ ሰው ይታገሠዋል፤ ሕፃን ግን አይታገሠውም። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚነሣው የሞተር ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ከሞተሩ ቤት በላይ ያለ ክፍል ቢሰጥዎ መብራት ያገኛሉ፣ እንቅልፍ ግን አያገኙም። ከሙቀቱ በኋላ ሃቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል ይመጣልና የመስኮቱ መዝጊያ መግጠሙን መጠየቅ አይከፋም። ሐሙስ ሌሊት ደግሞ የሠርግ ሌሊት ነው። በወንዝ ዳር ባለ ሆቴል አትክልት ውስጥ የሱዳን ሠርግ ሲደረግ ለሚያየው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ከአትክልቱ ላይ ላለው ክፍልና በዚያ ለተኛ ሕፃን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «በሐሙስ ሌሊት ድግስ አለን?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ስለ ጸጥታ ከሚቀርብ ልመና ይልቅ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው።

ስለ ወባ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አንባቢው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎበር አለን ተብሎ የሚሰጠው መልስ ስለ ትልቁ አልጋ ነው፤ የሕፃኑ አልጋ የራሱ አጎበር ሊኖረው ይገባል፤ በተለይም ተጠይቆ በተለይ መመለስ አለበት።

ስለ አልጋውም እንዲሁ። ሱዳኖች አንገረብ የሚሉት፣ በእኛ ዘንድ የጠፍር አልጋ የምንለውን የሚመስል ከእንጨትና ከገመድ የተሠራ አልጋ ለአዋቂ እጅግ የተመቸ ነው፤ በሙቀት ወራት በግቢው ውስጥ ወይም በጣራው ላይ ተዘርግቶ ነፋስ ከበታቹ ስለሚያልፍበት ከማናቸውም ፍራሽ ይሻላል። ለጨቅላ ግን አይሆንም፤ መካከሉ ይረግባልና። የሕፃናት ሐኪሞች ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ አጥብቀው እንደሚመክሩት ጨቅላ ሕፃን መተኛት ያለበት በጀርባው፣ ጠንካራና ደልዳላ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ወፍራም ልብስ ሳይከበብ ነው። ሆቴሎች በቸርነት የሚጨምሩት ትልቅ ትራስ ለሕፃን አደጋ ነው። የሕፃን አልጋ አለን ካሉም ፍራሹ ከአልጋው ጠርዝ ጋር መግጠሙን መጠየቅ ይገባል፤ ክፍተት ካለ የሕፃን ፊት ሊገባበት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውሃ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 የሚያህል ሰው በመስጠም እንደ ሞተ፣ ከእነዚህም ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እንደ ነበረ ገልጿል። ሕፃን በጥልቅ ወንዝ ብቻ አይሰጥምም፤ በመዋኛ ገንዳም፣ ሞልቶ በተረሳ የመታጠቢያ ገንዳም ይሰጥማል፤ ሲሰጥምም ብዙ ጊዜ አይጮኽም። እንግዲህ ብዙ ወላጅ «ለመዋኛው የቀረበ ክፍል» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ መራመድ ለጀመረ ልጅ ሲሆን፣ ተገልብጦ መጠየቅ ያለበት ነው። ምድር ቤት ከሰገነት ያድናል፤ ነገር ግን የምድር ቤቱ በር በቀጥታ ወደ መዋኛው የሚከፈት ከሆነ አንዱን አደጋ በሌላው መለወጥ ብቻ ነው። ሰገነት ያለበትን ክፍል መቀበል ግድ በሆነ ጊዜም፣ በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብ በአጥሩ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ የሚያዝዝ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ብረቶቹ ቁም እንጂ አግድም መሆን የለባቸውም፤ አግድም ብረት ለልጅ ደረጃ ነው። ይህን የምለው ባለ ሙያ ስለ ሆንሁ ሳይሆን ልጄ ሲወጣበት ስላየሁ ነው።

ከቤተ ሰብ ጋር ወደ ሱዳን የሚሄድ ሰው ታሪክ ረጅም ነው። በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ዘመን ከ1899 እስከ 1956 ድረስ የካርቱም ሹማምት ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ቀይ ባሕር ተራሮች ወጥተው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በኤርኮዊት ይሰነብቱ ነበር፤ በካርቱም የሚቀረው እንግዳ ደግሞ በጥቁር ዓባይ ዳር በሚገኘው በግራንድ ሆቴል ያርፋል። በ1952 ፓጉላቶስ የሚባል የግሪክ ቤተ ሰብ አክሮፖል የተባለውን ሆቴል በመካከል ከተማ ከፈተ። በሱዳን የውጭ አገር ሰው በገባ በሦስት ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታው ስለ ነበረ፣ የዚህ ሆቴል ባለቤቶች ለእንግዶቻቸው የምዝገባንና የጉዞ ፈቃድን ጣጣ ራሳቸው በመጨረስ ስማቸው በዓለም ታወቀ፤ ይልቁንም በ1984 እና በ1985 በረሃብ ዘመን ለዕርዳታ ሠራተኞችና ለጋዜጠኞች ማረፊያ ሆነው ነበር። በሜይ 15 ቀን 1988 በዚሁ ሆቴል የምግብ አዳራሽ ውስጥ የተጣለ ቦምብ ሰባት ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ለእንዲህ ያለው ነገር የሚጻፍ የክፍል ጥያቄ የለም። ቤቱ ከዚያ በኋላም ሥራውን ቀጥሎ እስከ 2023 ጦርነት ድረስ እንግዳ ተቀብሏል።

በቀይ ባሕር ዳር፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ስለ ነበረችው ስለ ዓሩስ ማረፊያም ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኢጣሊያኖች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሠሯትን ይህችን የጠላቂዎች መንደር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ሠራተኞች በነጋዴ ስም ተከራይተው፣ ቀን ቀን ለአውሮፓ ቱሪስት አልጋ እያነጠፉ፣ ሌሊት ሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች የሚመጡትን ቤተ እስራኤላውያን በመርከብ ያሻግሩ ነበር። ኒሜሪ ከሥልጣን በወረዱበት በ1985 ጥለዋት ሄዱ። ስለ ክፍሉ ንጽሕናና ስለ ሳሙናው ይጠይቅ የነበረው እንግዳ፣ በዚያችው ሌሊት በዚያው ጠረፍ ልጆቻቸውን በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ወደ ጀልባ ሲገቡ አያውቅም ነበር።

በ2023 ደግሞ በካርቱም የነበረው ሁሉ ያንኑ ዓይነት ጉዞ ያዘ። በዓባይ ጐዳና ያሉት ሆቴሎች ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በመሆናቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ቤተ መንግሥቱን የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው። በየክፍሉ የነበሩ ቤተ ሰቦች ያለ መብራትና ያለ ውሃ፣ ከመስኮቱ ርቀው በመተላለፊያው ወለል ላይ ልጆቻቸውን አስተኙ። ወደ መተማ የሸሸው ወደ መተማ ሸሸ፤ ወደ ፖርት ሱዳን የደረሰውም ሆቴሎቹ ሞልተው ቢያገኝ በግቢና በጐዳና ዳር አደረ። ወንዝ የሚያይ ክፍል ሲመርጥ የነበረው ሰው ያን ጊዜ የሚጠይቀው መስኮት የሌለበትን ጥግ ነበር። ያቺ ልጄን ያዳነችው ሴት በመተማ በኩል አድርጋ ወደ ዘመዶችዋ መድረሷን ከአንድ መንገደኛ ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ከመጀመሪያው ጉዞ አንድ ዓመት ያህል ቈይተን ወደዚያው ሆቴል ዳግመኛ ሄደን ነበር። ያን ጊዜ የጻፍሁት ደብዳቤ ዛሬ ወደ ላንጋኖም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ምጽዋም ሆነ ወደ ሌላ አገር ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ስለ ሆነ ቃሉን እነሆ።

«የምንደርሰው በዚህ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የምንቈየው አምስት ሌሊት ነው። ከእኔና ከባለቤቴ ጋር አምስት ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ወንድና ሃያ ወር የሆናት ሴት ልጅ አሉ። የከፈልንበት፦ አንድ የቤተ ሰብ ክፍልና አንድ ተጨማሪ አልጋ። የምንለምነው፦ ከመግቢያው እስከ ክፍሉ ደረጃ የሌለበት፤ ሰገነት የሌለው፤ ከሞተሩ ቤት የራቀ፤ ወደ ምዕራብ የማይመለከት። ሴቲቱ ልጅ በሮችን መክፈት ስለ ጀመረች ወደ አትክልቱ የሚያወጣው በር ከላይ መቀርቀሪያ እንዲኖረው አጥብቀን እንለምናለን። ሁሉ የማይቻል ከሆነ የመቀርቀሪያው ነገር ይቅደም። ከመድረሳችን ሁለት ቀን አስቀድሜ ማታ ለሚሠራው ጸሐፊ እደውላለሁ።»

ባለቤቴ አንብባ የአምናውን ደብዳቤ ገልብጠህ ቢሆን ኖሮ የሕፃን አልጋ ትጠይቅ ነበር አለችኝ፤ እውነትም ነበራት፤ በዚያ ዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት ክፍሉን ሁሉ ይለውጠዋል። ሁለት ቀን ሲቀረን ደወልሁ። መልሱ በአራት መስመር ተጽፎ ደረሰን፤ ከሞተሩ መራቅ አልተቻለም፤ የቀረው ሁሉ ተሟልቷል ይላል፤ በግርጌውም ሹሙ በእጅ ጽሕፈቱ «መቀርቀሪያው ትናንት ተመትቷል፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከስድሳ» ብሎ ጨምሮበት ነበር።